«ቀላል ጉዳት ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

የጭንቅላት ጉዳት ደረጃዎችን ባለትዳሮች ለምን ማወቅ ይኖርባቸዋል?

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ምክንያት የሆኑኝ አንድ ባልና ሚስት ናቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም፤ ታሪካቸው እንዲነገር ግን ፈቅደዋል።

ባልየው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚያፈስ የጣሪያ ቆርቆሮ ሊጠግን መሰላል ላይ ወጣ። መሰላሉ ተንሸራተተና ወደ ኋላው ወድቆ ራሱን ከሲሚንቶው ጋር አጋጨ። ሚስቱ ከወጥ ቤት እየሮጠች ስትደርስ ዓይኑ ተገልጧል፣ ነገር ግን አይናገርም። ለአንድ ደቂቃ ያህል ፈዝዞ ቆየና «ምን ሆንኩ?» አላት። ነገረችው። ጥቂት ቆይቶ እንደገና «ምን ሆንኩ?» አላት። በታክሲ ሆስፒታል እስኪደርሱ ድረስ ይህንኑ ጥያቄ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ጠየቃት። በድንገተኛ ክፍል ሐኪም አየው፤ ሲቲ ስካን ተነሣ፤ «ደም የለም፣ ስብራትም የለም» ተባለ። በካርዱ ላይ «ቀላል የአንጎል ጉዳት» ተብሎ ተጻፈ፤ ማስታገሻ ታዞለት በዚያው ምሽት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሚስትየዋ ወረቀቱን ይዛ ጌታን አመሰገነች። ደግሞም ማመስገን የሚገባት ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ያ ትዕግሥተኛ ሰው በልጆቹ ላይ መጮህ ጀመረ። ሕፃኑን ከትምህርት ቤት ማምጣት ሁለት ጊዜ ረሳ። የመብራት ብርሃን ያመው ጀመር። በመዘምራን ኅብረት ለዓመታት ያገለገለ ሰው የኪቦርድና የድምፅ ማጉያውን ድምፅ መቋቋም ስላቃተው እሑድ እሑድ ከአዳራሹ እየወጣ በግቢው ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሚስትየዋ በመጀመሪያ ታገሠች፤ ቀጥሎ ጠየቀች፤ በመጨረሻም ተቀየመች። ምክንያቱም ወረቀቱ «ቀላል» ይላል! ቀላል ጉዳት የደረሰበት ሰው በሁለተኛው ወር እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው? አንዷ ዘመድ «ይህ የጠላት ሥራ ነው» አለች። ሌላው ደግሞ «ሌላ ሴት ቢኖር ነው» ብሎ በጆሮዋ አንሾካሾከ። በአራተኛው ወር የሚተኙት በተለያየ ክፍል ነበር።

እነዚህን ባልና ሚስት ወደ መለያየት አፋፍ ያደረሳቸው መውደቁ ብቻ አልነበረም። አንድ ቃል አስተዋጽኦ አድርጓል፤ እርሱም «ቀላል» የሚለው ቃል ነው። ሐኪሙ ሲጽፈውና ሚስትየዋ ስታነበው ቃሉ የያዘው ትርጉም አንድ አልነበረም። ለመሆኑ ይህ ቃል ከየት መጣ? ሐኪሞች የአንጎልን ጉዳት የሚመድቡት በምን ሚዛን ነው?

በግላስጎ የተሠራ ሚዛን

ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት በጭንቅላት አደጋ ራሱን የሳተን ሰው ሁኔታ ሐኪሞች የሚገልጹበት አንድ ወጥ ቋንቋ አልነበራቸውም። አንዱ «ፈዟል» ሲል ሌላው «ከፊል ኮማ ውስጥ ነው» ይላል፤ የሌሊቱ ነርስ «ያው ነው» ብላ ታስረክባለች። «ያው» ማለት ግን ምን ማለት ነው? በሽተኛው እየተሻለው ይሁን እየባሰበት በውል መናገር አስቸጋሪ ነበር።

በስኮትላንድ የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች የነበሩት ግርሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት እ.ኤ.አ. በ1974 ዘ ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ቀላል ዘዴ አቀረቡ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት «የግላስጎ ኮማ ሚዛን» ይህ ነው። በአገራችን ሐኪሞችና ነርሶችም ዘንድ በአጭሩ «ጂ.ሲ.ኤስ.» እየተባለ ይጠራል። የዘዴው ውበት ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። በሽተኛው አጠገብ ቆሞ ሦስት ነገሮችን መመልከት ብቻ ይበቃል፤ ዓይኑን፣ ንግግሩንና እንቅስቃሴውን።

ዓይን እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል። ማንም ሳይነካው ዓይኑን ገልጦ የሚያይ ሰው 4 ያገኛል፤ ሲጠሩት ብቻ ከገለጠ 3፤ ሲጫኑት ወይም ሲያሳምሙት ከገለጠ 2፤ ከነጭራሹ ካልገለጠ 1። ንግግር እስከ 5 ነጥብ አለው። ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለና ጊዜው መቼ እንደሆነ በትክክል የሚናገር 5 ይሰጠዋል፤ እየተናገረ የተምታታበት 4፤ የተበታተኑ ቃላት ብቻ የሚያወጣ 3፤ ከማቃሰት ያለፈ የማይችል 2፤ ምንም ድምፅ የሌለው 1። እንቅስቃሴ ደግሞ እስከ 6 ይደርሳል። «እጄን ጨብጥ» ሲባል የሚጨብጥ 6 ነው፤ ትእዛዝ ባይሰማም የሚያሳምመውን እጅ ለማስወገድ የሚሞክር 5፤ ከሕመሙ የሚሸሽ 4፤ ክንዱ ባልተለመደ ሁኔታ የሚታጠፍ 3፤ የሚገተር 2፤ የማይንቀሳቀስ 1።

ድምሩ ከ15 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ዝቅተኛው ነጥብ ዜሮ ሳይሆን 3 ነው። በመሆኑም «ከ15 ሦስት አግኝቷል» የተባለላቸው ቤተ ሰቦች «ጥቂትም ቢሆን አለው» ብለው ሊጽናኑ ይችላሉ፤ ሆኖም ሦስት ማለት በሦስቱም መለኪያ ምንም ምላሽ አልተገኘም ማለት ነው። ለትንንሽ ሕፃናት የንግግሩ መለኪያ ተስተካክሎ ይሠራበታል፤ ያልተናገረ ሕፃን ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ አይጠየቅምና።

እንግዲህ ሦስቱ የታወቁ ደረጃዎች ከዚህ ድምር የወጡ ናቸው። ከ13 እስከ 15 ያገኘ «ቀላል»፣ ከ9 እስከ 12 ያገኘ «መካከለኛ»፣ 8ና ከዚያ በታች ያገኘ «ከባድ» ይባላል። ከዚህ ጋር ሁለት ጥያቄዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው ራሱን ስቶ የቆየው ለምን ያህል ጊዜ ነው የሚል ነው፤ በተለመደው አመዳደብ ከ30 ደቂቃ ካልበለጠ ቀላል፣ ከዚያ እስከ 24 ሰዓት መካከለኛ፣ ከ24 ሰዓት ካለፈ ከባድ ነው። ሁለተኛው ከአደጋው በኋላ ያለው ትዝታ የጠፋበት ለምን ያህል ጊዜ ነው የሚለው ነው፤ ከአንድ ቀን በታች፣ ከአንድ ቀን እስከ ሰባት ቀን፣ ከሰባት ቀን በላይ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ያ ባል በታክሲ ውስጥ «ምን ሆንኩ?» እያለ ሲደጋግም የነበረው አእምሮው አዲስ ነገር መዝግቦ መያዝ ስላቃተው ነው። ሐኪሙ ይህን ሊያውቅ የሚችለው አብራው ተሳፍራ የነበረችው ሚስቱ ከነገረችው ብቻ ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምዎት ሰዓቱን ይመልከቱ፤ ስንት ደቂቃ ዝም እንዳለ፣ ምን ምን እንደ ደጋገመ በወረቀት ጽፈው ለሐኪሙ ይስጡት።

«ቀላል» ለማን?

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። ሐኪሙ «ቀላል» ሲል የሚናገረው በአደጋው ዕለት ስለታየው የንቃት ደረጃ ነው። «በአሁኑ ሰዓት ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር አላየሁም» ማለቱ ነው። «ነገ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ጠባዩም እንደ ድሮው ይሆናል» ማለቱ አይደለም። የግላስጎው ሚዛን ትዕግሥትን አይለካም። የልጅን ልደት ማስታወስን፣ በጉባኤ መካከል መቀመጥ መቻልን፣ ከሚስት ጋር ተነጋግሮ መስማማትንም አይለካም። 15 ከ15 ያገኘ ሰው እነዚህን ሁሉ ለጊዜው ሊያጣ ይችላል።

ሕክምና ከሚያገኙት የአንጎል ጉዳቶች ውስጥ ከ100 ከ70 እስከ 90 የሚሆኑት «ቀላል» በሚለው ምድብ ውስጥ ይገባሉ። አብዛኞቹ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ። ነገር ግን ሁሉም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በታላላቅ የአደጋ ሕክምና ማዕከላት የታከሙ ባለ «ቀላል» ጉዳት ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። ዓመቱ ሲሞላ ከ100 ሰዎች 53ቱ በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ከአደጋው ጋር የተያያዘ ችግር እንዳለባቸው ተናገሩ። ለማነጻጸር ያህል እጅ እግራቸውን ብቻ ከተጎዱት መካከል እንዲህ ያሉት 38 ነበሩ። እርግጥ ወደ እነዚያ ማዕከላት የሚወሰደው አደጋው ጠንከር ያለበት ሰው ነው፤ በጓዳ በር ግንባሩን የተመታ ሁሉ ዓመት ይታመማል ማለት አይደለም። ቢሆንም «ቀላል ተብሏልና አስመስሎ ነው» ለሚል ሰው በቂ መልስ ይመስለኛል።

በራስ ቅል ውስጥ የሚሆነው

ከደረጃው ሌላ ሐኪሞች ጉዳቱን በዓይነቱም ይመድቡታል። ይህን ለመረዳት አንጎል እንዴት እንደተቀመጠ ማሰብ ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ እንደ ረጋ እርጎ የለሰለሰ አካል፣ በፈሳሽ ተከብቦ በጠንካራ አጥንት ውስጥ ተቀምጧል። ጭንቅላት በድንገት ሲቆም አንጎሉ ግን መጓዙን ይቀጥላል። በአንድ በኩል ይጋጫል፤ ተመልሶም በሌላው በኩል ሊጋጭ ይችላል። የራስ ቅል ወለል በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ሸካራ ነውና በብዛት የሚጎዱት የአንጎል ክፍሎች የፊተኛውና የጎኖቹ ናቸው። እነዚህ ደግሞ ቁጣን የምንገታባቸው፣ ነገን የምናቅድባቸው፣ የሰማነውን የምናስታውስባቸው ክፍሎች ናቸው። አንድ ሰው ከአደጋ በኋላ ጠባዩ ቢለወጥ ሊያስደንቀን የማይገባው ስለዚህ ነው።

ኮንከሽን የሚባለው አንጎል ተናውጦ ሥራው ለጊዜው ሲታወክ ነው። በሲቲ ስካን አይታይም። «ስካኑ ንጹሕ ነው» ማለት «አንጎሉ አልተነካም» ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ ስካኑ የሚያሳየው በዋነኛነት ደምን፣ ስብራትንና እብጠትን ነው። ኮንቱዥን የአንጎል መበለዝ ነው፤ ቆዳችን ሲመታ እንደሚበልዘው ማለት ነው። የአንጎልን ክፍሎች የሚያገናኙት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች በብዙ ቦታ ሲሳቡና ሲበጠሱ ደግሞ የተሰራጨ የነርቭ ክር ጉዳት ይባላል። በፍጥነት በሚጓዝ መኪና ግጭት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። በሽተኛው በከባድ ኮማ ውስጥ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ስካን ያን ያህል የሚያስፈራ ነገር ላያሳይ ይችላል።

በይበልጥ እንድናስተውል የምፈልገው ግን የደም መቋጠርን ነው። ከጆሮ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ቀጭን ነው፤ ከሥሩ ደም ወሳጅ ሥር ያልፋል። አጥንቱ ተሰንጥቆ ሥሩን ቢቆርጠው ደም በራስ ቅሉና ዱራ በሚባለው ጠንካራ ሽፋን መካከል ይጠራቀማል። የዚህ ጉዳት ተንኮል ሰውየው መጀመሪያ ላይ ደኅና መምሰሉ ነው። ይነሣል፣ ያወራል፣ ምናልባትም ይስቃል። ደሙ እየተጠራቀመ አንጎሉን ሲጫነው ከሰዓታት በኋላ ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2009 በካናዳ ኩቤክ ውስጥ በሚገኝ የበረዶ መንሸራተቻ ላይ የደረሰው ይህ ነው። እንግሊዛዊቷ የፊልም ተዋናይት ናታሻ ሪቻርድሰን ለጀማሪዎች በተዘጋጀ ቦታ ስትለማመድ ወደቀች። ስትነሣ ደኅና ነበረች፤ በመጀመሪያ የመጣው አምቡላንስም ሳይወስዳት ተመለሰ። ሰዓታት ሳያልፉ ራስ ምታቱ ጠናባትና ሆስፒታል ተወሰደች። ባለቤቷ ተዋናይ ሊያም ኒሰን ደረሰላት፤ ነገር ግን ከሁለት ቀን በኋላ በኒው ዮርክ አረፈች። የ45 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነበረች። የአስከሬን ምርመራው ያሳየው ከዱራ በላይ የተጠራቀመ ደም ነበር። ወዲያው በወደቀችበት ሰዓት በግላስጎው ሚዛን ብትለካ ኖሮ 15 ባገኘች ነበር ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ከዱራ በታች የሚጠራቀመው ደም ብዙውን ጊዜ ከቀጫጭን ደም መላሾች የሚወጣ ስለሆነ አንዳንዴ ቀስ ይላል፤ በተለይ በአረጋውያን ላይ። ዕድሜ ሲገፋ አንጎል በመጠኑ ስለሚሟሽሽ እነዚያ ሥሮች ይወጠራሉ። አያታችን መታጠቢያ ቤት ተንሸራትተው ግንባራቸውን ቢመቱና «ምንም አልሆንኩም ልጄ» ቢሉ ከሦስት ሳምንት በኋላ መዘባረቅ ወይም አንድ እግር መጎተት ሊጀምሩ ይችላሉ። «እርጅና ነው» ብለን ዝም ማለት የለብንም። በተለይ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ትንሹ ምት እንኳ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የሚድን ችግር ነውና።

የብረቱ ዘንግ

ሚዛኑ የማይደርስበትን ነገር ለማየት አንድ የቆየ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1848 በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት ፊንየስ ጌጅ የተባለ የ25 ዓመት የባቡር ሐዲድ ሥራ አለቃ ድንጋይ ለማፍረስ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ባሩዱ ፈነዳ። ከአንድ ሜትር የሚበልጥ፣ ስድስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን የብረት ዘንግ በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። የሚገርመው ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ጌጅ ይናገር ነበር፤ በበሬ ጋሪም ተቀምጦ ወደ ማረፊያው ሄደ። በንቃት ሚዛን ብቻ ቢሰፈር «ቀላል» ከሚባለው ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም! ይሁን እንጂ ሐኪሙ ጆን ሃርሎ በኋላ እንደጻፈው ቁምነገረኛና ጠንቃቃ የነበረው ሰው ግልፍተኛና ሐሳቡ የማይረጋ ሆነ፤ ወዳጆቹም የቀድሞው ጌጅ እንዳልሆነ መሰከሩ። ለውጡ ምን ያህል እንደቆየ ዛሬም ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፤ ምክንያቱም በኋላ በቺሊ ለዓመታት የፈረስ ሠረገላ እየነዳ ሠርቶ አድሯል፤ ይህ ደግሞ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ለውጡን አስቀድመው ያዩት በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች መሆናቸው ነው።

ሐኪሞችም ቃሉን እየመረመሩት ነው

ሦስቱ ደረጃዎች ለ50 ዓመታት ያህል አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን ከ14 አገሮች የተውጣጡ ባለሙያዎች በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም አስተባባሪነት አዲስ የአመዳደብ ሐሳብ አቅርበዋል። የቅሬታቸው ምክንያት ከላይ ካነሣነው ጋር አንድ ነው። «ቀላል» የተባለው ተከታታይ ሕክምና ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይሰናበታል፤ «ከባድ» የተባለው ደግሞ ተስፋ የለውም ተብሎ ያለጊዜው ሊተው ይችላል። ሁለቱም ወገን በአንድ ቃል ይጎዳል።

አዲሱ ሐሳብ አራት ነገሮችን በአንድነት ይመለከታል። የመጀመሪያው ሐኪሙ በአልጋው አጠገብ የሚያየው ነው፤ የግላስጎው ነጥብ ሙሉ ዝርዝር፣ የዓይን ብሌን ለብርሃን የሚሰጠው ምላሽ፣ የትዝታ መጥፋት፣ ራስ ምታትና ማዞር የመሳሰሉት። ሁለተኛው የደም ምርመራ ነው፤ አንጎል ሲጎዳ ወደ ደም የሚገቡ ፕሮቲኖች አሉ፤ እነርሱን የሚለካ የመጀመሪያው ምርመራ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ሦስተኛው የስካን ምስሉ ነው። አራተኛው ግን እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። አደጋው እንዴት ደረሰ? ከዚያ በፊት ምን ሕመም ነበረበት? ቤቱ ምን ይመስላል? የሚደግፈው ሰው አለ? እነዚህ ሁሉ የማገገሙን መንገድ ይለውጡታል ተብለው በምደባው ውስጥ ገብተዋል። የዓለም ሐኪሞች የቤትን ሁኔታ ከጉዳቱ መግለጫ ጋር አያይዘው መጻፍ መጀመራቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ይህ አዲስ አሠራር በየሆስፒታሉ እስኪዳረስ ጊዜ ይወስዳል። በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ራሱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። እስከዚያው ድረስ በካርድዎ ላይ የሚያገኙት «ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ» የሚለውን ነው። ስለዚህ ቃሉን ሲሰሙ «ነጥቡ ስንት ነው? ስካኑ ምን አሳየ? መቼ ተመልሰን እንምጣ?» ብለው ይጠይቁ። በትሕትና የቀረበ ጥያቄ የሚቆጣ ሐኪም ጥቂት ነው።

በቤት ውስጥ

የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት በጥንቃቄ የሚታዩ ናቸው። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከደከመ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ውሃ መሳይ ፈሳሽ ከወረደ፣ ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። «እስኪነጋ እንጠብቅ» አይባልም፤ «እስክንጸልይለት እንቆይ» ማለትም ልክ አይደለም፤ በመኪናው ውስጥ መጸለይ ይቻላል። ብዙዎቻችን «ጭንቅላቱን የተመታ ሰው እንዳይተኛ» የሚል ምክር ሰምተናል። ሐኪም መርምሮ ካሰናበተው በኋላ እንቅልፍ አይከለከልም፤ የሚያስፈራው መተኛቱ ሳይሆን ሲጠሩት አለመንቃቱ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ረጋ ብሎ ማረፍ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ሥራ መመለስ ይመከራል። ወር ሙሉ በጨለማ ክፍል መተኛት ይጠቅማል የሚለው የድሮ ሐሳብ ዛሬ አይደገፍም። ነገር ግን አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ ምት እንዳያገኘው መጠበቅ ግዴታ ነው። ኳስ ሜዳው ይቆየው፤ ሞተር ብስክሌቱም ይቆየው። የራስ ቁርን ነገር ካነሣን ዘንድ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ግምገማ የራስ ቁር የሚያደርጉ የሞተር ብስክሌት ተጓዦች በራስ ላይ የመጎዳት ዕድላቸው በ69 ከመቶ፣ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ42 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በክንዳቸው ላይ አንጠልጥለውት የሚሄዱ ወንድሞቻችን ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ስለ ጠባይ ለውጥ ግን አንድ ቃል ልናገር። በጉባኤዎቻችን መካከል የሰው ጠባይ ድንገት ሲለወጥ ቶሎ ወደ መንፈሳዊ ምክንያት የመሮጥ ልማድ አለ። ሁልጊዜ ስሕተት ነው አልልም። ሆኖም ሽማግሌዎች ባልና ሚስትን ለማስታረቅ ሲቀመጡ «በቅርቡ ወድቀህ ታውቃለህ? የመኪና አደጋ ደርሶብህ ነበር?» ብለው ቢጠይቁ ምን ይጎዳል? የተጎዳ አንጎል ያለውን ሰው «ንስሐ ግባ» እያሉ ማስጨነቅ የተሰበረ እግር ያለውን ሰው ለምን ታነክሳለህ እንደማለት ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ላይ አውጤኪስ ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት ሲወድቅ ጳውሎስ ስብከቱን አቋርጦ ወርዶ አቀፈው እንጂ ለምን በጉባኤ እንቅልፍ ወሰደህ ብሎ አልገሠጸውም።

በሌላ በኩል የተጎዳ አንጎል ለዱላ ወይም ለስድብ ፈቃድ አይሰጥም። እጅ የሚሰነዝር ባል ቢኖር ሚስት «ሕመሙ ነው» ብላ ልትደበቅ አይገባም፤ እርሷና ልጆቿ ወደማይጎዱበት ቦታ መሄድ፣ ለሐኪሙም ይህንኑ መናገር አለባት። ይህም የሕመሙ መግለጫ አንዱ ክፍል ነው፤ ሐኪሙ ካልተነገረው አያውቀውም።

ባልና ሚስቱ አሁን እንዴት ናቸው? በአምስተኛው ወር ሚስትየዋ አንድ ደብተር ገዛች። በቀኝ ገጽ ባሏ የረሳውን፣ በግራ ገጽ ያስታወሰውን እየጻፈች ለአንድ የነርቭ ሐኪም ወሰደችለት። ሐኪሙ ሁለት ገጽ አንብቦ ሳይጨርስ «ይህን የነገረኝ ስካን የለም» አላት። ሕመሙ እንደ ሕመም ታየ፤ የእንቅልፍና የራስ ምታት ሕክምና ተጀመረ፤ ድምፅ ወዳለበት ቦታም ቀስ በቀስ እንዲመለስ ተመከረ። ዘጠኝ ወር ሆኗቸዋል። ዛሬም ስልኩ ላይ ማንቂያ ካልሞላ ልጁን የማምጫው ሰዓት ያልፈዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሲደክመው ቶሎ ይናደዳል፤ ሲናደድ ግን «ጭንቅላቴ ነው፣ አንቺ አይደለሽም» ማለትን ለምዷል። ባለፈው እሑድ በመጨረሻው ረድፍ፣ በበሩ አጠገብ፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ አድርጎ ሁለት መዝሙር ተቀምጦ ሰማ። ሦስተኛው ሲጀመር ወደ ግቢው ወጣ። ሚስቱም ቦርሳዋን ይዛ ተከትላው ወጣች።